የጠገበችው አሮጊት

ጢሱ መጀመሪያ የተለቀቀው ጫማ መሸጫው ፊት ለፊት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ነዳጅ ረገጥ አደረገች። መኪናዋ አንዴ አስላ ከኋላዋ ሰማያዊ ጢስ ትተፋው ጀመር። በእግረኛው መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ከኋላ የነበረ ባለታክሲ ክላክሱን እየደበደበ በመስኮት ብቅ አለና፣

«እማማ፣ ድስት ጥደው ነው እንዴ የወጡት?» አላት።

«ና ቅመስ!» አለችው። ምላሷ በማንም ፊት አርፎ አያውቅም።

መኪናዋ ክሬም ቀለም ያላት፣ ትንሽ፣ በሯ ካልተደገመ የማይዘጋ አሮጌ የቤት መኪና ናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶላት የሄደው ንብረት እሷና የማይሠራ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ቤተሰቡ መኪናዋን «አሮጊቷ» ይላታል። ልብስ ሰፊዋ ድሮ በዚህ ስም ትስቅ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አስጠልቷታል። ልጆቿ በስልክ «አሮጊቷ እንዴት ዋለች?»፣ «አሮጊቷ ዛሬም አስቸገረች?» ሲባባሉ ስትሰማ ስለየትኛዋ እንደሚያወሩ መለየት አቅቷታል።

ከዚህች መኪና ጋር ያላት ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ታላቅ እህቷ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው የምትኖረው። እግሯ ከከዳት ቆይቷል። አውቶቡስ ደግሞ ከዳገቱ ግርጌ ላይ አውርዶህ «ከዚህ በኋላ አንተ ታውቃለህ» ብሎህ ይመለሳል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ሐሙስ ሐሙስ መቀስና ሻምፖዋን ይዛ በአሮጊቷ ትወጣለች። የእህቷን ፀጉር ታጥባለች፣ ጥፍሯን ትቆርጣለች፣ ከዚያ ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሞተውንም ያለውንም ሲያሙ ይውላሉ። እህትየው ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ሌላ ሰው አታይም ማለት ይቻላል። መኪናዋ ቀረች ማለት ሐሙስ ቀረ ማለት ነው።

ሰው መቼም ጢስ ካየ ፈራጅ ነው። የጢሱ ወሬ በዚያው ቀን ለልጆቿ ደረሰና ገና ሳይመሽ ሳሎኗ ውስጥ ተሰበሰቡ። ስብሰባውን የመራው የበኩር ልጇ ነው። ሥራው የአውቶቡስ ሹፌርነት ነው፤ አንድም ቀን ወታደር ቤት ባይገባም ማዘዝ ስለሚወድ ሰፈሩ «ሻለቃ» ብሎ ሾሞታል። ዳቦ ጋጋሪዋ ሴት ልጇ ከግንበኛው ባሏ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። አማቷ የሚስቱን ፊት እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

«እማዬ፣ ነገሩን አናድበስብሰው» አለ ሻለቃ። «ሰማያዊ ጢስ ማለት ሞተር ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ሞተሩ አልቋል። የሞተ ሞተር መጠጋገን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አሮጌ ብረት የሚገዛውን ሰውዬ አነጋግሬዋለሁ። እሁድ መጥቶ ይወስዳታል።»

«ኮፈኗን ከፍተህ አይተሃታል?»

«ምን ያስከፍተኛል? ስንት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ።»

«ኮፈን ሳይከፈት ከፈን ይዞ የሚመጣ ልጅ ወለድኩ!» አለች።

ሴት ልጇ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሻለቃ ግን አልሳቀም። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

«መኪና ላይ ተቀምጬ አይደል እንዴ ያሳደግኩህ?» ብላ በጣቷ ጥግ ላይ ያለውን የስፌት መኪና አሳየችው። «ዩኒፎርምህ ከሰማይ የወረደ መሰለህ?»

«አሮጊቷ በቃት እኮ ነው የምለው» አለ ሻለቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የትኛዋ?»

ግንበኛው እንኳ ራሱን መነቅነቁን ተወ።

«ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ጋ ማን ያደርሰኛል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እየተፈራረቅን እናደርስሻለን» አለች ሴት ልጇ። ከልቧ ነው ያለችው። ልብስ ሰፊዋ ግን ይህን «እየተፈራረቅን» የሚባል ነገር ታውቀዋለች። የመጀመሪያው ሐሙስ ይሳካል፤ ሁለተኛው «ዛሬ አልተመቸኝም፣ እሱን ጠይቂው» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታው በስልክ ይቀጥላል። ልጆቿ ክፉዎች ሆነው አይደለም። አንዷ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ላይ ናት፣ አንዱ መሪ ላይ፣ አንዱ ግንብ ላይ። እሷ ራሷ ያስተማረቻቸው ነው፤ ሥራ ለቆ መሄድን አላስተማረቻቸውም።

ተነሥታ የመኪናውን ቁልፍ ከመስቀያው አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እሁድ ሁላችንም እትዬ ቤት ምሳ እንበላለን። እኔ ዳገቱን በዚህችው እወጣለሁ። ሰው ሳይገፋት፣ ሳትቆም አናቱ ላይ ከደረሰች ከእንግዲህ ስለ መሸጥ አፉን የሚከፍት እንዳይኖር። ከቆመች ግን ቁልፉን በገዛ እጄ ለሰውዬው እሰጠዋለሁ፣ አላለቅስም።»

ሻለቃ በውርርዱ ተስማምቶ እጇን መታ። እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ስለነበር ትንሽም አዘነላት።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዥ ሄደች። መካኒኩን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ስም ነው፤ የመኪናን በሽታ በድምፁ ስለሚለይ ነው ይላሉ። ያን ቀን የታየው ግን ጆሮው ሳይሆን ጫማው ነው። የቀረው አካሉ ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሥር ገብቷል።

«የኔ ልጅ፣ መኪናዬ ታጨሳለች» አለች ወደ ጫማው ጎንበስ ብላ።

«ምን ቀለም?» አለ ጆሮ ከሥር።

«ጢስ ነዋ፣ ምን ቀለም አለው?»

«አለው እንጂ እማማ። ነጭ ከሆነና እንደ እንፋሎት አልቆም ካለ ውሃ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው።»

«እንግዲያው ሰማያዊ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ዩኒፎርም የመሰለ።»

«እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አርጅታለች፣ ወይ ጠግባለች።»

«ጠግባ?»

«ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ሲባል አልሰሙም? ዘይት ከላይኛው መስመር ካለፈ ሞተሩ እየናጠ አረፋ ያደርገዋል። ከዚያ በማይገባበት ገብቶ ይቃጠላል፣ እሳት ለኳሹን ካንዴላ ያበሰብሰዋል፣ ጉልበቷን ይወስደዋል። ያየ ሰው ሞተሩ አልቋል ይላል። ዘይቱ እንዴት ነው? ይለካሉ?»

«ሰኞ ሰኞ እለካለሁ። ሁልጊዜ ጎድሎ ነው የማገኘው። ትንሽ ትንሽ ጠብ አደርግላታለሁ።»

ጫማው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ።

«ጎድሎ ከሆነማ አርጅታለች» አለ ጆሮ። «ይህን ባለጭነት ሳልጨርስ ላያት አልችልም፣ ከእሁድ በኋላ ያምጧት። እስከዚያው ደህና አድርገው ደግመው ይለኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው።»

ቤቷ ተመለሰች። መኪናዋን እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ አስገብታ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቁማ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ መለኪያ ዘንጉን መዘዘች፣ በጨርቅ ጠረገች፣ መልሳ እስከ ጥጉ ከተተች፣ መዘዘች። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ነው። ጆሮ እንዳለው አርጅታለች ማለት ነው። የዘይቱን ጣሳ አንሥታ ክዳኑን መፍታት እንደ ጀመረች ከበሩ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ።

ደንበኛዋ ናት፣ ጎረቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ። ባለፈው ሳምንት የወሰደችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን ቋጥራ መጥታለች።

«እይው እስቲ! አንዱ ጎን ጉልበቴን ያልፋል፣ አንዱ ጎን አይደርስም። ሰው 'ምነው አነከስሽ?' እያለኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በሥራዋ ሲመጡባት ደሟ ይፈላል። ደንበኛዋን ሳሎኑ መሐል አቆመቻት፣ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሯ ያዘች፣ ተንበርክካ ጠርዙን እየፈታች ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺ ነሽ ቀጥ ብለሽ ያልቆምሽው» አለች በመርፌዎቹ መሐል እያጉተመተመች።

«እኔ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት! ብርሃን የለም ብለሽ ግቢ ያስለካሽኝ አንቺ ነሽ። ያዘነበለው ግቢሽ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

የልብስ ሰፊዋ እጅ ባለበት ቆመ። ጠርዝ ከመሬት ተነሥቶ እንደሚለካና መሬቱ ካዘነበለ ጠርዙም እንደሚያዘነብል ለስንት ሰልጣኝ አስተምራለች! ቀና ብላ በክፍቱ በር ወደ ግቢዋ ተመለከተች። ግቢው ከበሩ ጀምሮ ሽቅብ ነው። ኳስ ቢያስቀምጡበት መንገድ ላይ ነው የሚያገኙት። አሮጊቷ በዚህ ሽቅብ ላይ አፍንጫዋን ሰቅላ ቆማለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል። መለኪያው ያለው ከፊት ነው።

መርፌዎቹን መዳፏ ላይ ተፋችና ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ቀሚሴስ?»

«ነይ ተከተይኝ!»

ፀጉር ሠሪዋ ግማሹ የተፈታ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መርፌ እየወጋት ገቢና ገባች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን እያጨሰች ወደ ታች አወረደቻትና መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ውኃ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ በሚጨንቀው ሜዳ አስፋልት ላይ አቆመቻት። ሞተሩን አጠፋች። ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወደ ሆዷ እስኪወርድ ድረስ ምጥ እንደያዛት ሴት ባል ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። ከዚያ መዘዘች፣ ጠረገች፣ ከተተች፣ መዘዘች።

ዘይቱ ከላይኛው መስመር አልፎ፣ ዘንጉን ይዞ ሽቅብ ሄዷል።

«ጠግባለች!» ብላ ጮኸች። «አላረጀችም፣ ጠግባ ነው!»

እልል ልትል ምንም አልቀራት። መንገደኛው ዞር ዞር እያለ አያት። ይገርማል፤ ስንት ሰው አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ኖሯል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የግቢው ነበር። አንድ ነገር ግን ከነከናት። እሷ ጠብ ያደረገችው ጥቂት ነው፤ ይሄ ሁሉ ዘይት ከየት መጣ? ለጊዜው ነገሩን በልቧ አሳደረችውና ቀጥ ብላ መድኃኒት ቤት ገባች።

«ትልቁን ሲሪንጅና የጉሉኮስ ቱቦ ስጪኝ።»

«ለማን ነው እማማ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ዘይት የበዛባት አሮጊት አለችኝ። ልቀዳላት ነው።»

ፋርማሲስቷ ደነገጠች። «እማማ! ቅባት እኮ በመርፌ አይቀዳም። ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ጥብሳ ጥብሱን ትቀንስ፣ በእግሯ ትንቀሳቀስ።»

«እሷም የምትፈልገው መንቀሳቀሱን ነው፤ ያቃታት ዳገቱ ነው።»

«ልቧን ታይታለች?»

«ልቧ እንደ ብረት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

ቱቦውን በመለኪያው ቀዳዳ አስገብታ በሲሪንጁ ሳበች። ፀጉር ሠሪዋ ጠርሙስ ያዘችላት። ትስባለች፣ ታፈሳለች፣ ትለካለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆንባት ጥቂት ጥቂቱን ነው የቀዳችው። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መሐል ሲቆም ቱቦውን አወጣች። የቀዳችው ዘይት መሬት ላይ እንዳይደፋ ጠርሙሱን ግጥም አድርጋ ዘጋችና ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ዘይት ወደሚጠራቀምበት በርሜል ወሰደችው። የፀጉር ሠሪዋንም ጠርዝ፣ ሳሎኑ መሐል በሜዳ አቁማ፣ እንደ ገና ሠራችላት።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በማግስቱ ሞተሩን ስታስነሣ ጢሱ ያው ነው። እንዲያውም ሞተሩ ይንተፋተፋል። ኮፈኑ ላይ ተደግፋ ቆመች። ሻለቃ እውነቱን ቢሆንስ? የእህቷ በረንዳ፣ ባዶው ወንበር፣ መንገድ መንገዱን የሚያየው ዓይኗ ታያት። ስልኳን አውጥታ ጆሮ ጋ ደወለች።

«ጠግባ ነበር፣ ቀዳሁላት፣ አሁንም ታጨሳለች!» አለችው እንደ ከሳሽ።

«ጎድሏል ብለውኝ፣ በየት በኩል ጠገበች?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ግቢው ስትነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «እማማ፣ አሁን እርስዎ ነዎት መካኒኩ። ማርሚታዋ፣ ጢስ መውጫዋ፣ ውስጥ የገባው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ታጨሳለች፣ አይደንግጡ። መንተፋተፉ ካንዴላው በዘይት ስለተነከረ ነው። ይፍቱና ያጽዷቸው፣ ከዚያ ረጅም መንገድ ይንዷት። ገመዶቹ ግን እንዳይቀያየሩብዎት።»

ገመድ ለሌላ ሰው ነው እንጂ ለእሷ አይቀያየርም። በእያንዳንዱ ገመድና በየቦታው ላይ የተለያየ ቀለም ክር አሰረችባቸው፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። ካንዴላዎቹ ጠቁረው፣ ወዝተው ወጡ። በብሩሽ ፈተገቻቸው፣ አደረቀቻቸው፣ ስትመልሳቸው መጀመሪያ በእጇ አዙራ ነው በቁልፍ ያጠበቀችው፤ በጉልበት የተጀመረ ብሎን ጥርሱ ይበላል። እጄ ከገባ ዘንዳ ብላ የባትሪውን ገመዶችም ፈታች። ራሱ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በሙቅ ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥብቃ አሰረችውና ቫዝሊን ቀባችው። ጎማዎቹ ገና ሳይሞቁ መንገድ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነፋቸው። ቁልፉን ገና ስታዞር መኪናዋ አላቅማማችም፣ ወዲያው ተነሣች።

ከዚያ ከከተማ በሚያወጣው ረጅም መንገድ ነዳቻት። በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየች ትነዳለች። ጢሱ መጀመሪያ ወፍራም ነበር፣ ከዚያ ሳሳ፣ ነዳጅ ማደያውን ስታልፍ እንደ ሲጋራ ጢስ ሆነ። ስትመለስ መስታወቱ ውስጥ መንገዱ ብቻ ነበር። ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ሳቀች፣ መሪውንም በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

እሁድ ብረት ነጋዴው ገመድ በጫነ ፒካፕ መጣ፤ ከቆመች ጎትቶ ሊወስዳት ከኋላ ይከተላል። ሻለቃ ከእናቱ ጎን ገቢና ገባ፤ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ነክቷል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለመግፋት እንዲመቻት ስኒከር አድርጋ መጥታ ከባሏና ትኩስ ዳቦ ከሞላ ቅርጫት ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ስኒከሩን አየችና ሞተሩን አስነሣች።

የዳገቱ ግርጌ ላይ ደረሱ። መንገዱ ከዚያ ወደ ላይ ቆሟል ማለት ይሻላል። ልብስ ሰፊዋ አንደኛ ማርሽ አስገባች።

«ሁለተኛ ላይ ጀምሪና ኋላ ትቀንሺያለሽ!» አለ ሻለቃ።

«ዝም በል።»

«ፍሪሲዮኑን እንዳታቃጥዪው!»

«አንተ አፍህን አታቃጥለው!» አለችና ወደ መሪው ጎንበስ ብላ መኪናዋን አነጋገረቻት። «አንቺ ጨው፣ ለራስሽ ስትዪ ጣፍጪ! አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሻል።»

አሮጊቷ ወጣች። የመጀመሪያውን ጥምዝ ወጣች። ሻለቃ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ተክሎ፣ አንገቱን አዙሮ በኋላ መስታወት ጢስ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ድምፁን አወፈረ እንጂ አላሳለም። ግንበኛው ከኋላ «ኧረ ትሄዳለች!» አለና ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። ከአቀበቱ መሐል ላይ ልብስ ሰፊዋ መስታወት ውስጥ ጢስ አየች። ከዚያ ቀለሙን ለየችው።

«ነጭ ነው» አለች። «የእኛ አይደለም።»

የብረት ነጋዴው ፒካፕ ጥምዙ ላይ ቆሟል። ራዲያተሩ እንደ ማንቆርቆሪያ እየተንፈቀፈቀ ነው። ሰውዬው ወርዶ ኮፈኑን ከፍቷል።

«ደውልለት!» አለች ሻለቃን ማርሽ ሳትቀይር። «ትኩሱን ክዳን እንዳይነካው በለው፣ ፊቱን ይጠብሰዋል! ሞተሩን አጥፍቶ በእጁ እስኪነካ ድረስ ይብረድ። ከዚያ ጨርቅ ደርቦ ቀስ ብሎ ይክፈት። ውኃ በአንዴ እንዳይደፋበት።»

ሻለቃ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ትእዛዟን ቃል በቃል አስተላለፈ። «እማዬ ክዳኑን እንዳትነካው ብላለች... አዎ... ቀስ ብለህ ብላለች...» በዕድሜው ሙሉ የሌላ ሰው ትእዛዝ ሲያስተላልፍ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው፤ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆኖ አያውቅም።

ስልኩን ሲዘጋ አናቱ ላይ ደርሰዋል።

ማንም አልገፋም። ማንም አልወረደም። ልብስ ሰፊዋ የእህቷ በር ላይ ደርሳ ክላክሱን እስኪበቃት ነፋችው፤ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላ ሆና የእናቷን አንገት አቅፋ ሳመቻት። ሻለቃ ከመኪናው ወርዶ፣ «እማዬ፣ ተረታሁ። እንዴት አደረግሻት?» አለ። ለኩሩ ሰው ይህን ማለት ከዳገቱ ይከብዳል፤ እሷም ስላወቀችለት አልሳቀችበትም።

ምሳው ላይ፣ ትልቅየዋ እህቷ በረንዳው ላይ ባለው ወንበሯ ተደግፋ እየሰማች፣ ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። የግቢውን ሽቅብ፣ ቀሚሱን፣ ሲሪንጁን። ሳቁ ሲበርድ ሹካዋን አስቀመጠች።

«አሁን አንድ ነገር ይነገረኝ። እኔ የጨመርኩትን አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ዘይት ግን የእኔ ብቻ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት አሮጊቷ ላይ ዘይት የጨመረ እጁን ያውጣ።»

ግንበኛው መጀመሪያ አወጣ። «እኔ እንኳ... ስንመጣ ስንመጣ ሳየው ጎድሎ ነበር። እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ...»

«አንተም?» አለች ሚስቱ። «እኔ እኮ ዳቦ ሳመጣ እጨምርላት ነበር!»

ሻለቃ ሳህኑን እያየ ጣቱን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አደረገ። «ምን ያስከፍተኛል ብልም... ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ እከፍታት ነበር። እንድትበረታ ብዬ ነው።» ልብስ ሰፊዋ ራሷም የራሷን እጅ አወጣች። ሁሉም ሽቅብ ላይ ለክቶ፣ ሁሉም ተደብቆ፣ ሁሉም ለእሷ ብሎ። በፍቅር ሊገድሏት ነበር።

ያኔ ከጠረጴዛው ማዶ አንድ የተጨማደደ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ። ታላቅ እህቷ ናት።

«እትዬ?! አንቺ ደግሞ በየት በኩል?»

«ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ፀጉሬን የምታጥቢበትን ውኃ ስታሞቂ» አለች አሮጊቷ፣ እውነተኛዋ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ጎረቤቴን ጡረተኛውን በመስኮት እጠራዋለሁ። በሩ ላይ አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ እንደቆመች ይለካታል፤ ጎድሏል ይለኛል። እንደጎደለ ከሄደች መንገድ ላይ ትቆምባታለች እላለሁ። ከቆመች ደግሞ ልጆቹ ይሸጧታል። ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ፣ ባለፈው ሐሙስ ጥፍሩን የቆረጠችለትን እጅ፣ ከጠረጴዛው ላይ ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው። አላለቅስም ብላ ነበር፤ አለቀሰች።

«ከእንግዲህ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ዘይት የሚነካ እኔ ብቻ ነኝ። ያውም ሜዳ ላይ!»

«እሺ» አሉ ሁሉም፤ የሻለቃ ድምፅ ከሁሉም ቀደመ።

«አንቺ ደግሞ ተነሺ።»

«ወዴት?» አለች ታላቅየዋ።

«ለምን እኔ ብቻ እመጣለሁ? ዛሬ አንቺ ትወርጃለሽ። ከተማውን አሳይሻለሁ።»

«እግሬስ?»

«እግርሽ ምን አገባው? መኪና አለን።»

ሻለቃ ትእዛዝ አልጠበቀም። አክስቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ አውጥቶ ገቢና አስቀመጣት፣ ቀበቶዋን አሰረላት፣ በሩን ደግሞ ዘጋው። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን አዞረች። ሁለቱ እህቶች መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ታላቅየዋ ፀጉሯን በአንድ እጇ ይዛ እየሳቀች፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሻለቃ በሩ ላይ ቆሞ ጥምዙ እስኪሰውራቸው ከኋላቸው ጢስ ፈለገ፤ አላገኘም።